ቤተ መዘክር ምን ያሳያል? ምንስ ይሸፍናል?

«መዘክር» የሚለው ቃል ዘከረ፣ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ቤተ መዘክር ማለት የማስታወሻ ቤት ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «ሙዚየም» ማለትን ይመርጣል፤ እኔ ግን የቀድሞው ስም ሥራውን ይበልጥ ይገልጸዋል ብዬ ስለማምን በዚህ ጽሑፍ በእርሱ እጠቀማለሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር እስክጎበኝ ድረስ፣ እንዲህ ያለው ቤት ለአገር ጎብኚዎች የተሠራ እንጂ ለእኛ የሚጠቅም አይመስለኝም ነበር። አሮጌ ዕቃ መስታወት ውስጥ ይደረደራል፣ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያያል፣ ይወጣል፤ በዚሁ ያበቃል እል ነበር።

ቤቱ ራሱ የታሪክ ምስክር ነው። ገነተ ልዑል ተብሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የነበረና በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ ደም የፈሰሰበት ነው። ከዚያ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ስለሰጡት በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ተከፈተበት፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ ተቋሙ ተመሠረተ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል እንኳ ለሕዝብ የሚታይ ሆኗል። ጓደኞቼ በዚያ ብዙ ቆዩ፤ እኔ ግን ቶሎ አልፌ ሄድሁ።

በአንደኛው ፎቅ የብዙ ብሔረሰቦች ዕቃ ተቀምጧል። አቀማመጡ በየክፍለ አገሩ ወይም በየነገዱ ሳይሆን በሰው ልጅ ዕድሜ ነው፤ ይኸውም ከልደትና ከሕፃንነት ተነሥቶ፣ በጉልምስና አልፎ፣ እስከ ሞትና ከሞት በኋላ ድረስ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት የደጋው እናትና የቆላው እናት ልጅ የሚያሳድጉበት ዕቃ ጎን ለጎን ይታያል። ሰው ስለ ልዩነት ሊያይ ገብቶ አንድነትን አይቶ ይወጣል። ማሳየት የሚባለው ሥራ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን ያን ጊዜ ገባኝ፤ የዕቃው ቦታ ቢለወጥ ንግግሩም ይለወጣልና።

ወደ ሥዕል ቤቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የራሴን ጥፋት መናዘዝ አለብኝ። አያቴ ከመሪጌታ አባታቸው የወረሷት በእንጨት ላይ የተሣለች፣ እንደ መስኮት የምትከፈትና የምትዘጋ አነስተኛ የእመቤታችን ሥዕል አለቻቸው። ዘወትር በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጧትና ለጸሎት ብቻ ይከፍቷታል። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ «እንዲህ ያለ ቆንጆ ነገር ለምን ይደበቃል?» ብዬ፣ ለፋሲካ እንግዳ ሁሉ እንዲያያት፣ በመስኮቱ ትይዩ ግድግዳ ላይ ሰቀልኋት። ከመስቀሌ በፊትም የዕጣን ጥላሸት ጠቁሮባት ስለነበር በሳሙናና በውሃ አጠብኋት። የመጎናጸፊያዋ ሰማያዊ ቀለም ከእንጨቱ ለቆ በያዝሁት ጨርቅ ላይ ቀረ። አያቴ አልተቆጡኝም፤ ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ የከበደ ነበር።

እንግዲህ በላይኛው ፎቅ ብዙ የቅዱሳን ሥዕሎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ስቆም ደረቴ መታ። ከመቶ ዓመታት በፊት የተሣሉ ፊቶች ያዩኛል፤ የእኛዪቱ ግን በእኔ እጅ ደብዝዛለች።

በዚያ ያገኘናቸው የቤቱ ባለሙያ ትዕግሥተኛ አስተማሪ ነበሩ። መጀመሪያ ስለ ፍሬ ጽዮን ነገሩን። ይህ ሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (1426–1460 ዓ.ም.) የነበረ መነኩሴና ሠዓሊ ሲሆን፣ ስሙ የታወቀው በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ባለ ሥዕል ላይ በመጻፉ ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ስማቸውን ስለማይጽፉ ይህ እንደ ብርቅ ይቆጠራል። ቀጥለውም ሁለት የእመቤታችንን ሥዕሎች እያሳዩ፣ «ልዩነታቸውን ፈልጉ» አሉን። እኛ ስለ ቀለሙ ስንከራከር እርሳቸው ወደ እጆቿ አመለከቱን። በአንደኛው እጆቿን አጣምራ፣ ሁለት ጣቶቿን ወደ ታች ዘርግታ፣ መሐረብ ይዛለች። ይህ አሣሣል በሮም ከተማ ከሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተቀዳ ነው። ቅጂው ወደ 1600 እ.ኤ.አ. ገደማ በኢየሱሳውያን ካህናት እጅ ወደ አገራችን ገባ፤ የእኛ ሠዓሊዎችም በራሳቸው መልክ አድርገው ሣሉት። ስለዚህ መሐረብ የያዘችው ከዚያ ዘመን ወዲህ የተሣለች መሆኗ ይታወቃል።

የአያቴ ሥዕል መሐረብ እንደያዘች ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት እያየኋት ምንም ሳላነብባት ኖሬ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማንበብ ጀመርሁ። የቤተ መዘክር ትምህርት ከእኛ ክፍል ትምህርት የሚለየው ምናልባት በዚህ ነው፤ እዚያ ፈተና የለም፣ ነገር ግን የተማረውን ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል።

ሁሉም ከወጡ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቼ ጥፋቴን ነገርኋቸው። «በውሃ?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ከዚያም አስረዱኝ። ሥዕሉ ብዙ ድርብ ነው፤ ከሥር እንጨት አለ፣ ከበላዩ ጀሶ ከሙጫ ጋር ተለውሶ ይቀባል፣ ቀለሙ የሚያርፈው በዚያ ላይ ነው። ቀለሙን የሚያያይዘው ነገር ደግሞ እንደ ዘይት ቀለም አይጸናም፤ ውሃ ያሟሟዋል። እንጨቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ ጀሶው ግን አብሮት መሳብ ስለማይችል ይሰነጠቅና ይረግፋል። ስለዚህ የጥበቃ ባለሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው የአየሩ ሁኔታ እንዳይለዋወጥ ነው።

ስለ ብርሃን የነገሩኝ ደግሞ ይበልጥ አስደነቀኝ። ብርሃን የሚለካው ሉክስ በሚባል መለኪያ ነው። ለብራና መጻሕፍትና ለጨርቃ ጨርቅ የሚፈቀደው ወደ 50 ሉክስ ብቻ ሲሆን፣ የቀትር ፀሐይ ግን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ብርሃን ያደረሰው ጉዳት ቀን በቀን ይደማመራል እንጂ ዕቃው ወደ ጨለማ በመግባቱ አይድንም። እንግዲህ የቤተ መዘክር ችግር ይህ ነው፤ ካላሳየ ለሕዝብ አልጠቀመም፣ ባሳየ ቁጥር ደግሞ የሚያሳየውን ነገር ጥቂት በጥቂት ይጨርሰዋል። ብዙ ቤተ መዘክሮች ዕቃቸውን በየጊዜው እያፈራረቁ የሚያሳርፉት ስለዚህ ነው። አዳራሹ ጨለም ማለቱን ቀደም ሲል እንደ ድህነት ቆጥሬው ነበር!

«አያትዎ በጨርቅ ይሸፍኗት ነበር አልኸኝ?» ሲሉ ባለሙያው በፈገግታ ጠየቁኝ። «እርሳቸው ይህን ሥራ ከእኛ ቀድመው ያውቁት ነበር።» በቤተ ክርስቲያን ሥዕል በመጋረጃ ይጋረዳል፤ የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር ይቀመጣል፤ በአንዳንድ መጻሕፍትም በየሥዕሉ ላይ ትንሽ የጨርቅ መሸፈኛ ይሰፋል። አባቶች ይህን ያደረጉት ስለ ክብር ነው፤ ነገር ግን ክብሩ ቀለሙንም ጠብቆታል።

የወጣው ቀለም ይመለስ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። «የቀረውን እንዳይረግፍ ማጽናት ይቻላል፤ የሄደውን ግን አንመልስም፣ በላዩም አዲስ አንሥልም። ብንሥልበት የእኛ ሥዕል ይሆናል እንጂ የዚያ ሠዓሊ አይሆንም» አሉኝ። መልሱ አላስደሰተኝም፤ ነገር ግን እውነተኛ መሆኑን አመንሁ። በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን «ይታደስ» እየተባለ ጥንታዊ ሥዕል በአዲስ ቀለም ሲሸፈን እንደ በጎ ሥራ ሳየው ኖሬ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ዓይን አወጣሁ።

ወደ ቤት ተመልሼ ሥዕሏን ለቤተ መዘክር እንስጣት ብዬ አያቴን ለመንኋቸው። ባለሙያዎች እንደሚጠብቋት፣ ብዙ ሰውም እንደሚያያት ነገርኋቸው። አያቴም «ልጄ፣ እነሱ ያዩአታል፤ እኔ ግን እሳለማታለሁ» አሉኝ። ለዚህ ምላሽ አላገኘሁም። እርግጥ፣ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ከየቤቱና ከየአጥቢያው ተሰርቀው ባሕር ተሻግረው ሲሸጡ ኖረዋልና፣ በቤተ መዘክር ያለችው ሥዕል ለአገር ቀርታለች። ነገር ግን የሚሳለማት የለም። ሁለቱም እውነት ስለ ሆኑ እስከ ዛሬ አንዱን መርጬ አልጨረስሁም።

ሆኖም በአንድ ነገር ተስማማን። ሥዕሏ ከመስኮቱ ትይዩ ወርዳ፣ ከሻማውም ርቃ ወደ ጨርቋ ተመልሳለች። እኔም ፎቶግራፏን አንሥቼ፣ ርዝመቷንና ወርዷን ለክቼ፣ ከማን እንደ ተወረሰች ከአያቴ አፍ ሰምቼ በደብተር ጽፌአለሁ። ስጽፍ ሳሉ አያቴ ሙዳያቸውን ከፍተው አንድ የታጠፈ ጨርቅ አወጡ። ያን ቀን ሰማያዊውን ቀለም የጠጣው ጨርቅ ነበር። ሳያጥቡት እንዳለ አስቀምጠውታል፤ «ይኸም የእርሷ ነው» ብለው መልሰው ከተቱት።