የባለጸጋ አገሮች ግዴታና የቡናችን ዋጋ

ባለጸጋ አገሮች ለድኾች አገሮች እድገት ያለባቸው ግዴታ ምንድን ነው? የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ሰጥተዋል፤ ለማስረዳት ያህል ሁለቱን ብቻ እንመልከት።

አሜሪካዊው ዋልት ሮስቶው እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ማናቸውም አገር በአምስት የእድገት ደረጃዎች ያልፋል ይላል። በዚህ አስተሳሰብ የባለጸጎች ድርሻ ካፒታልና እውቀት እየሰጡ ኋላ የቀረውን ማፋጠን ነው። አርጀንቲናዊው ራውል ፕሬቢሽ ግን ችግሩ ከገበያው አሠራር ነው ይላል፤ ይኸውም ጥሬ ዕቃ ሻጭ የሆነ አገር ያንኑ የፋብሪካ ዕቃ ለመግዛት ከዓመት ወደ ዓመት የበለጠ ጥሬ ዕቃ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ለመመርመር ከውቤ በረሃ ወደ ፒያሳ ብቅ ማለት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1953 በፒያሳ የተከፈተው ቶሞካ ቡናን ቆልቶ፣ ፈጭቶና አፍልቶ በመሸጥ የታወቀ ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናችን ግን አብዛኛው ጥሬ ነው። የሚቆላውም፣ የሚታሸገውም በገዢው አገር ስለ ሆነ ትልቁ ትርፍ እዚያው ይቀራል።

እርግጥ የኤውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ እንደ እኛ ካሉ አገሮች የሚመጣ የተቆላ ቡና ያለ ቀረጥ ያስገባል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የባለጸጎች ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቀረጥ መነሣቱ ብቻውን አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሻጮችና ገዢዎች አገሮች የተፈራረሙት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ዋጋን በኮታ ይደግፍ ነበር፤ በ1989 ኮታው ሲቀር ዋጋው ወደቀ፤ ገበሬውም ተጎዳ።

በ2005 ደግሞ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የተባሉት ስሞች የንግድ ምልክቶቿ ሆነው በአሜሪካ እንዲመዘገቡላት አመለከተች። የዚያ አገር የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ክርክሩም ቀጥሎ ስታርባክስ በ2007 ከመንግሥታችን ጋር ስምምነት ፈረመ። ልብ እንበል፤ በዚያው ዘመን አሜሪካ ለኢትዮጵያ ብዙ እርዳታ ትሰጥ ነበር። እርዳታውን ለመስጠት ያላመነታ አገር ነጋዴዎቹ ግን ስማችንን ለእኛ ለመተው ተከራከሩን።

እርዳታ በሰጪው ፈቃድ ይመጣል፤ በሰጪው ፈቃድም ይቀራል። ዩኤስኤይድ በ2025 ሲዘጋ ይህን በዓይናችን አየን። ስለዚህ ከባለጸጎች አስቀድመን መጠየቅ የሚገባን ትክክለኛ ዋጋና የራሳችንን ስም ነው።

ለእኛም የሚቀር ሥራ አለ። ከስሙ የሚገኘው ጥቅም ለይርጋጨፌ ገበሬ ካልደረሰ፣ ፕሬቢሽ በዓለም ገበያ ያየውን ጉድለት እኛው በገዛ አገራችን ደገምነው ማለት ነው።