ስለ ጋብቻ ፈቃድና ስለ ወላጅ ክብር

በአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል፥ በኮልፌ ቀራንዮ የምትኖር አንዲት ልጃገረድ እናስብ። እርስዋ አንድ ጐልማሳ ትወዳለች፤ እርሱም በቀና መንገድ ሊያገባት ይፈልጋል። አባቷ ግን፥ የሸማኔ ልጅ ለቤታችን አይገባም ብሎ ለሌላ ሰው ሊድራት አስቦአል። ልጅቱም እንቢ ብትል ወላጆቿን ያላከበረች ልትሆን ነው፤ እሺ ብትል ደግሞ በእግዚአብሔር ፊት በሐሰት ቃል ልትገባ ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ?

ሁለት ሰፊ መንገዶች በፊቷ አሉ፤ አንዱ በሌሊት መኰብለል፥ ሁለተኛው አፍን ዘግቶ መዳር ነው። የኰበለለች የእናቷን ልብ ታቈስላለች፤ መከራም ባገኛት ጊዜ የሚቆምላት ሽማግሌ የላትም። ዝም ብላ የተዳረችም በአፏ እሺ፥ በልቧ እንቢ እያለች ትገባለች፤ ይህም ምንም ያላጠፋውን ባሏን መበደል ነው።

የእግዚአብሔር ቃል ሌላ መንገድ ያሳየናል። በኦሪት ዘፍጥረት በ24ኛው ምዕራፍ የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊያመጣ ሄደ። ዘመዶቿ ተስማምተው፥ ስጦታውም ተሰጥቶ ሳለ፥ ርብቃን ጠርተው ከሰውዬው ጋር ትሄድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርስዋም በገዛ አፏ መለሰች። የአገራችንም ሕግ ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ እንዲጸና ያዛል፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት የነበረውንም የጋብቻ ዕድሜ 18 አድርጎታል።

ስለ ሙያ ነቀፋ ግን ምን እንላለን? ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድቡትን በአዋጅ ገሥጸዋል። ጌታችን በናዝሬት ጸራቢ ተባለ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። የሸማኔውን እጅ ንቀን፥ እርሱ የሠራውን ነጭ ሸማ ለብሰን ወደ ጸሎት እንዴት እንገባለን?

እኅቴ ሆይ፤ ይህን ምክር ተቀበዪ።

1ኛ፤ ወላጆችሽ የሚከለክሉሽ ስለ ምን እንደ ሆነ መርምሪ። ሰውዬው ሰካራም፥ ሐሰተኛ ወይም ሚስት ያለው ስለ ሆነ ከሆነ ስሚያቸው፤ ፍቅር የማያየውን እነርሱ ያያሉና። ስለ ዘር ወይም ስለ ሀብት ብቻ ከሆነ ግን በትሕትና እንቢ ማለት ኃጢአት አይደለም።

2ኛ፤ ጊዜ ሳያልፍ ተናገሪ። ጠላው ከተጠመቀ፥ ዘመድም ከተጠራ በኋላ የሚነገር ቃል ቤቱን ሁሉ ያሳፍራል። አስቀድመሽ ለእናትሽ፥ ወይም አባትሽ ለሚሰማው ሽማግሌ ልብሽን ግለጪ። ጐልማሳውም ሽማግሌ ይላክ፤ ቢመለሱም ደግሞ ይላክ።

3ኛ፤ በንጽሕና ታገሺ። በእውነት የሚወድሽ ሰው የአባትሽን ደጅ መጥናት አይሰለቸውም። የማይታገሥ ቢሆን ግን፥ ከሰርግ በፊት ማወቅሽ ይሻላል።

እናንተም ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ጥሎሽ የሚመጣባት ዕቃ አይደለችም፤ ከእግዚአብሔር የተቀበላችኋት አደራ ናት። እየፈራች የተናገረችውን እሺታ እንደ ፈቃድ አትቍጠሩት። ቍጣችሁን አብርዳችሁ ጠይቋት፤ ብታለቅስም የዕንባዋን ምክንያት ስሙ።

ቀራንዮ የሚለው የሰፈራችሁ ስም ጌታችን የተሰቀለበትን ስፍራ ያሳስበናል። በዚያ ጌታችን የአባቱን ፈቃድ ሲፈጽም እናቱን አልዘነጋም፤ በመከራው ሰዓት ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት። እንግዲህ እውነትን መናገርና ወላጅን ማክበር የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። እንቢ ያለች ልጅም ብትሆን፥ በማግሥቱ ለአባቷ እግሩን ታጥባለች፥ ቡናውንም ታፈላለታለች።

እግዚአብሔር ለልጆች ድፍረትን፥ ለወላጆችም ማስተዋልን ይስጥ። አሜን።