ሞተር ሲያረጅ ምን እናድርግ?

በሬ ሲደክም ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል። ትልም ላይ ይቆማል፤ ጅራፍ ቢያነሡበትም አይሄድም። ሞተርም እንደ በሬ ይደክማል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ በሬ ቢያርፍና ቢበላ ይበረታል፤ ያለቀ ብረት ግን በእረፍት አይድንም።

በነገሌ ቦረናና በሌሎቹ የደቡብ ቆላ ከተሞች ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ብዙ ሥራ ይሠራሉ። እህል ይፈጫሉ፤ ውኃ ይስባሉ፤ የእጅ ትራክተርም ያንቀሳቅሳሉ። የእጅ ትራክተር ባለ ሁለት ጎማ ነው። ነጂው ከኋላ እየተራመደ፣ እንደ እርፍ ያለ ሁለት እጀታ ይዞ ይመራዋል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ የምርምር ሥራ ይህን መሣሪያ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ለአነስተኛ ገበሬዎች አስተዋውቋል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በገናሌ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ አንድ ገበሬ አለ እንበል። የትራክተሩ ሞተር ደከመበት። አንድ በሬ ሸጠና ትራክተሩን አስጭኖ ነገሌ ወደሚገኝ መካኒክ ሄደ።

ገበሬው፦ እንደምን ዋልክ ልጄ። ሞተሬ ሞተብኝ። ነጋዴው “ትልቁን ውሰድ፣ ጉልበቱ ይበልጣል” ይለኛል።

መካኒኩ፦ ደኅና ዋሉ ኦቦ። ገንዘቡን ኪስዎ ያቆዩት። መሞቱን በምን አወቁ?

ገበሬው፦ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ጉልበትም የለው።

መካኒኩ፦ የአየር ማጣሪያውን መቼ አጠቡት?

ገበሬው፦ ማጣሪያ? እሱንስ ነክቼው አላውቅም።

በእርግጥ አርጅቷል?

መካኒኩ ማጣሪያውን ፈታው። በአቧራ ተደፍኗል። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ሲያጥረው ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቁር ጭስም ይወጣል። ይህ እርጅና አይደለም። የናፍጣ ማጣሪያው ሲደፈንም ጉልበት ይቀንሳል። ይህም እርጅና አይደለም። ማጣሪያ ማጽዳት በሬ አያሸጥም።

ማጣሪያው ታጥቦ ሞተሩ ሲነሣ ጥቁሩ ጭስ ጠፋ። ነገር ግን ወደ ሰማያዊ የሚሄድ ጭስ መውጣቱን ቀጠለ። ጉልበቱም አልተመለሰም። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ።

ምክንያቱን እንመልከት። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። ፒስተን የሚባለው ብረት በሲሊንደር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። አየሩን አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ በጣም ይግላል፤ ናፍጣው ሲረጭበት ይቀጣጠላል። ይህን ዓይነት ሞተር የሠራው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ በ1889 ዓ.ም. ሥራውን በሙከራ አሳየ። በፒስተኑ ዙሪያ ፋሻ የሚባሉ ቀለበቶች አሉ። አቧራ ፋሻውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ፋሻው ሲያልቅ አየሩ ያመልጣል፤ አይግልም። ሞተሩም በቀላሉ አይነሣም። ዘይቱ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ሰማያዊው ጭስ ይኸው ነው።

ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ፋሻው ብቻ ካለቀ ፋሻ ይለወጣል። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ሲሊንደሩም ለብቻው ወጥቶ ይለወጣል። ዋናው ዘንግ ከተበላ ወይም የሞተሩ አካል ከተሰነጠቀ ግን የጥገናው ዋጋ ወደ አዲስ ሞተር ዋጋ ይጠጋል። የገበሬው ሞተር ዋና ዘንጉ ተበልቷል። ስለዚህ መለወጥ አለበት።

ምን ይለካል?

መካኒኩ፦ ኦቦ፣ ማንበብ ይችላሉ?

ገበሬው፦ በመሠረተ ትምህርት ፊደልና ቁጥር ለይቻለሁ።

መካኒኩ፦ እንግዲያው ሞተሩ ላይ ያለውን ሰሌዳ ይመልከቱ። ጽሑፉ የውጭ አገር ነው። ቁጥሩ ግን የተማሩት ቁጥር ነው።

ገበሬው 12 እና 2000 የሚሉትን አነበበ። 12 የፈረስ ጉልበቱ ነው። 2000 በአንድ ደቂቃ የሚዞረው ዙር ነው። ሁለቱን በደብተሩ ጻፈ።

የነጋዴው ትልቅ ሞተር 24 የፈረስ ጉልበት ነው። ትራክተሩ ግን ለ12 የተሠራ ነው። ጉልበቱ ሲበዛ ማርሹና ዘንጉ ይሰበራሉ። በጣም ትንሽ ሞተርም አይሆንም። ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ነገሌ ከባሕር ወለል ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ የ12 ፈረስ ጉልበት ሞተር የሚሰጠው ወደ 10 ነው።

ገበሬው ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ሞተር አገኘ። ዙሩ ግን 2400 ነው። እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። ሞተሩ ጉልበቱን የሚያስተላልፈው በቺንጋ ነው። ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ ብረት ፑሌጃ ይባላል። የአሮጌው ሞተር ፑሌጃ ከዳር እስከ ዳር 12 ሴንቲ ሜትር ነው።

12 × 2000 = 24000
24000 ÷ 2400 = 10

ስለዚህ ለአዲሱ ሞተር 10 ሴንቲ ሜትር ፑሌጃ ይገባል። 12ቱ እንዳለ ቢቀር ትራክተሩ ከልኩ በላይ ይፈጥናል፤ ማርሹም ቶሎ ያልቃል።

ሌላም የሚታይ አለ። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ይገጥማሉ? የዘንጉ ውፍረት እኩል ነው? ሞተሩ ወዴት ይዞራል? በተቃራኒው ከዞረ ወደ ፊት በሚለው ማርሽ ትራክተሩ ወደ ኋላ ይሄዳል።

አዲሱ ሞተር ሲገባ

ሞተሩ በደንብ ይታሰር። ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር መቆማቸውን ሲባጎ ወጥሮ ማየት ይቻላል። ከተጣመሙ ቺንጋው ይበላል። በሽርጥ ወይም በጋቢ ሆኖ ወደሚዞር ቺንጋ መጠጋት ሕይወት ያሳጣል፤ መከለያው ይደረግበት።

ብዙ አዲስ ሞተር ከሱቅ ሲወጣ ዘይት የለውም። ሳይሞሉት ካስነሡት በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል፤ የበሬው ዋጋም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ አስቀድሞ ዘይትና ውኃ ይሞላ። በመጀመሪያዎቹ 50 ሰዓቶች ከባድ ሥራ አይሰጠው፤ ከዚያ ዘይቱ ይለወጥ። በቆላ ሙቀት ውኃው ቶሎ ይተናል፤ በየጊዜው ይታይ። የአየር ማጣሪያው አቧራ በበዛ ቀን ማታ ማታ ይጽዳ።

ገበሬው ሞተሩን አስገጥሞ ሲመለስ ከበሬው ዋጋ ተርፎት ነበር። በደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ዘይት የተሞላበትን ቀን ጻፈ። ከሥሩም “ማጣሪያ” ብሎ አሰመረበት። አሮጌውን ሞተር የገደለው እሱን አለማወቁ ነበርና።

ጥያቄዎች

1. ጥቁር ጭስና ሰማያዊ ጭስ ምን ይነግሩናል?
2. አቧራ ሞተርን እንዴት ይጎዳል?
3. የአሮጌው ሞተር ፑሌጃ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ዙሩ 2000 ነው። የአዲሱ ዙር 2500 ቢሆን ፑሌጃው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?
4. በአካባቢያችሁ ባለ ወፍጮ ወይም የውኃ ሞተር ሰሌዳ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በደብተራችሁ ጻፉ።