ችግር ትምህርቴን ያስተወኝ?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ እንጀራ እየሸጠች ታሳድገናለች። ትምህርቴን ትቼ ሥራ ብገባ አይሻልም?

መልስ፦ እናትሽን ለማገዝ ማሰብሽ ያስመሰግንሻል፤ ትምህርቱን ግን አትተዪ። ለምሳሌ የእርሻ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ያደጉት ወሎንኮሚ አካባቢ በሣር ጎጆ ነው። እናታቸው እንዲማሩ ስለቆረጡ፣ እሑድ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ፣ ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ከጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዘለቁ። ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ አዳቅለው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ጥረቱ የራሳቸው ነው፤ መንገዱን የከፈቱላቸው ግን እናታቸውና መምህራኖቻቸው ናቸው።

አንቺም ችግርሽን ብቻሽን አትሸከሚው። መጀመሪያ ለምታምኛት መምህርት ንገሪ። ከዚያ ከእናትሽ ጋር ሆነሽ ቀበሌውን፣ ዕድሩንና ዘመድን ጠይቂ። «እርዱኝ» ብቻ አትበዪ፤ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የማጥኛ ቦታ ብለሽ የጎደለሽን ለይተሽ ተናገሪ። ሰው ማድረግ የሚችለውን ሲያውቅ ለመርዳት ይቀለዋል። ሥራው የግድ ከሆነ በክረምት ዕረፍትና በቅዳሜ ይወሰን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከገባሽ ደግሞ በወጪ መጋራት ውል ተምረሽ፣ ድርሻሽን ሥራ ስትይዢ መክፈል ትችያለሽ። እርዳታ መቀበል አያሳፍርም፤ ነገ አንቺም ሌላውን ታግዢያለሽ።