በቀትር የሚቀዘቅዝ፣ ምድር ስትናወጥ የማይናድ ቤት፦ ከማጀቴ የምንማረው ፊዚክስ

መግቢያ

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናብ፣ ከብርድና ከአውሬ ለመጠለል ነው። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ቤት ጉልበት የሚቀበል፣ የሚያከማችና የሚያስተላልፍ ሥርዓት ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ በተዘረጋው የይፋት ቆላ በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ በባዶ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የተቀመጠ ሰው ይህንን ያለ መምህር ይረዳዋል። ቤቱን ትቶ የዛፍ ጥላ ይፈልጋልና። እንዲህ ያለ ቤት መጠለያነቱን በቀን እኩሌታ አጥቷል ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከባድ የአፈር ጣሪያ መሥራት። በዚሁ አካባቢ የአርጎባ ሕዝብ መንደር የሆነችው ሾንኬ በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀች ናት። ነገር ግን የማጀቴ ታሪክ ሌላ ነገርም ያስተምረናል። በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጨረሻ በካራቆሬ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤቶች ተደርምሰዋል፤ ወደ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳናም ተጎድቷል። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን ያቋቋሙት ፒየር ጉዊን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ይህን ክስተት በስፋት መዝግበውታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከሰተው ተደጋጋሚ ንዝረትም ስምጥ ሸለቆው እንዳላንቀላፋ አስታውሶናል።

ስለሆነም ጥያቄያችን ሁለት ገጽታ አለው። ያለ ብዙ የኤሌክትሪክ ወጪ የሚቀዘቅዝ፣ ምድር ስትናወጥም በቤተሰብ ላይ የማይወድቅ ቤት እንዴት ይሠራል? ጥያቄው የክፍል ውስጥ መልመጃ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬ በርካታ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚመርጠውን ዛሬ ካልመረጠ ለሠላሳ ዓመት አብሮት ይኖራል።

1. ሙቀት ወደ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች

ሙቀት በሦስት መንገድ ይተላለፋል። በኮንዳክሽን በጠጣር አካል ውስጥ ከቅንጣት ወደ ቅንጣት ያልፋል፤ በኮንቬክሽን ከሚንቀሳቀስ አየር ጋር ይጓዛል፤ በራዲዬሽን ደግሞ በጨረር መልክ ባዶ ቦታን ጭምር ያቋርጣል። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዋናው ባለዕዳ ሦስተኛው ነው።

ይህንን በቁጥር እንመልከተው። በጠራ ቀን በቀትር በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ወደ 1000 ዋት የሚጠጋ የፀሐይ ጉልበት ይወርዳል። የዛገ ቆርቆሮ አብዛኛውን ይውጣል። ቆርቆሮው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ከሥሩ ያሉት ሰዎችና ዕቃዎች 30 ዲግሪ ቢሆኑ፣ በስቴፋንና ቦልትዝማን ሕግ መሠረት ቆርቆሮው በካሬ ሜትር 697 ዋት ሲያመነጭ ከታች የሚመለሰው 478 ዋት ነው። ልዩነቱ 219 ዋት ሲሆን፣ የትኛውም ገጽ ፍጹም ጥቁር አካል ስላልሆነ 200 ዋት ብለን እንያዘው። የ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ እንግዲህ እስከ 8 ኪሎዋት ወደ ታች ይጨረራል። ይህ ሁለት የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣዶች በአንድነት ከሚያመነጩት ሙቀት አያንስም። ይህንን ሙቀት በአየር ማቀዝቀዣ ለማውጣት ብንሞክር ከ2 ኪሎዋት ተኩል በላይ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ያስፈልገናል። ከመክፈል መከላከል ይሻላል።

2. ጣሪያ፦ የክብደትና የሙቀት ክርክር

30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር ጣሪያ ሙቀትን በሚገባ ይገታል። ሆኖም በካሬ ሜትር 480 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ40 ካሬ ሜትር ሲሰላ 19 ቶን በቤተሰቡ ራስ ላይ ተሰቅሏል ማለት ነው። መሬት ስትንቀጠቀጥ ቤቱን የሚመታው ኃይል ከውጭ የመጣ መዶሻ ሳይሆን የቤቱ የራሱ ክብደት ነው፤ ኃይል የክብደ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት ነውና። የመሬት ስበትን አንድ አምስተኛ በሚያህል ፍጥንጥነት፣ ማለትም በ2 ሜትር በሴኮንድ ካሬ፣ ብንናወጥ በአፈር ጣሪያው ላይ የሚያርፈው አግድም ኃይል 38 ሺህ ኒውተን ይደርሳል።

ቆርቆሮ በአንጻሩ በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ በሙቀት ረገድ ጠላት፣ በመንቀጥቀጥ ረገድ ግን ወዳጅ ነው። ብልኅነቱ ወዳጅነቱን ይዞ ጠላትነቱን ማስወገድ ነው፤ ይኸውም ከሥሩ ቀላል መከለያ መጨመር። 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ወይም ጭድ በኮርኒስ ላይ ብናነጥፍ የሚያልፈው ሙቀት ከ200 ዋት ወደ 20 ዋት ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱን የሚከለክለው ሣሩ ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ተይዞ የቆመው አየር ነው። ክብደቱ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ፣ የእንጨቱን ሳንቆጥር ቆርቆሮውና ሣሩ በጠቅላላ ወደ 520 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። በዚያው ንዝረት የሚያርፍባቸው ኃይል 1 ሺህ ኒውተን ያህል፣ ከአፈር ጣሪያው ከ35 እጥፍ በላይ ያነሰ ነው።

ጭድ ግን እሳትን ይወዳል፤ አይጥንም ይጋብዛል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሽቦ በጭድ መካከል በፍጹም መቀበር የለበትም፤ በቱቦ ውስጥ ገብቶ ከጭዱ መራቅ አለበት። የጭዱን ገጽ በስሱ የጭቃ ልስን መሸፈንም ይመከራል። አቅም የፈቀደለት የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ሽፋን ከቆርቆሮው ሥር፣ የአየር ክፍተት ትቶ፣ ብሩህ ገጹን ወደ ታች አድርጎ ቢዘረጋ አቧራ ስለማያርፍበት የጨረሩን እጅግ አብዛኛውን ክፍል ይገታል። በክፍተቱ ጫፎች የሞቀው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው ደግሞ ለሁለቱም ዓይነት አሠራር አስፈላጊ ነው።

3. ግድግዳ፦ ምን ያህል ውፍረት ይበቃል?

ግድግዳ የቀን ሙቀትን በማዘግየት ይረዳል። የቀንና የሌሊት የሙቀት ሞገድ በጭቃ ውስጥ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በድንጋይ ውስጥ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል በተጓዘ ቁጥር ስፋቱ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ በ4 ሰዓት ገደማም ይዘገያል። ከዚህ ስሌት 20 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ግድግዳ ውስጥ የሚደርሰው ሞገድ የመጀመሪያውን 18 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን መዘግየቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከቀኑ 10 ሰዓት የምዕራቡን ግድግዳ የመታው ሙቀት ውስጥ የሚደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የውጩ አየር ስለሚቀዘቅዝ መስኮት ከፍተን እናስወጣዋለን።

50 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ይህንኑ 18 በመቶ ወደ 5 በመቶ ያወርደዋል። ዋጋው ግን የግድግዳውን ክብደት በካሬ ሜትር ከ300 ወደ 1000 ኪሎ ግራም ማሳደግ ነው። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይ ደግሞ መጎተትን አይችልም፤ ሲናወጥ ይበታተናል። ወጋግራውና ማገሩ በሚገባ የታሰሩ የእንጨት ቤት ግን መታጠፍን ይችላል። አያቶቻችን በቆላ የሠሩት የጭቃ ቤት እንግዲህ በሁለቱም መመዘኛ የሚናቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ድክመቱን መሸሽ ተገቢ አይደለም። በቆላ ምስጥ የወጋግራውን እግር ይበላዋል፤ እግሩ የተበላ ቤት ደግሞ የመጀመሪያውን ንዝረት አይችልም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

ሀ. እንጨቱ አፈር እንዳይነካ በሲሚንቶ የተያያዘ፣ ከመሬት ወደ ግማሽ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ማበጀት።

ለ. በግድግዳው ራስ ዙሪያውን የማይቋረጥ የማሰሪያ ቀበቶ መዘርጋት፤ ማዕዘኖቹንም በሰያፍ እንጨት ማጠንከር።

ሐ. በርና መስኮትን ከማዕዘን ማራቅ።

መ. የውጩን ገጽ ነጭ ኖራ መቀባት፤ ነጭ ኖራ የሚያርፍበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል።

ፎቅ ወይም የብሎኬት ቤት የሚሠራ ሰው ግን በዚህ ጽሑፍ ሳይሆን በመሐንዲስ ስሌትና በአገሪቱ የሕንፃ ደንብ ሊመራ ይገባዋል።

4. አቀማመጥና ጥላ

ማጀቴ በሰሜን ኬክሮስ 10 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በቀትር ልክ አናት ላይ ትቆማለች። በሁለቱ ቀኖች መካከል በስተሰሜን፣ በቀሪው ዓመት በስተደቡብ ታዘቀዝቃለች። በታኅሣሥ የቀትር ከፍታዋ 56 ዲግሪ ያህል፣ በሰኔ በስተሰሜን 77 ዲግሪ ያህል ነው።

ከዚህ ሁለት መመሪያ እናገኛለን። አንደኛ፣ የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘርጋ፤ ጠዋትና ማታ ዝቅ ብላ የምትመታው ፀሐይ ጠባቡን ጎን ብቻ ታግኝ። ሁለተኛ፣ መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ ይሁኑ። በደቡብ በኩል የጣሪያው ክፈፍ ርዝመት የመስኮቱ ግርጌ ከክፈፉ ያለው ርቀት ሲካፈል ለታንጀንት 56 ዲግሪ ነው። ርቀቱ 1.2 ሜትር ቢሆን 80 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ የታኅሣሥን የቀትር ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ይከልላል። ይኸው ክፈፍ የጭቃውን ግድግዳ ከክረምት ዝናብም ያድነዋል።

በሌሊት ቤቱን ለማቀዝቀዝ በዝቅተኛው ቦታ የሚገባ፣ ከፍ ባለው የሚወጣ የአየር መንገድ ያስፈልጋል። በወባማ አካባቢ ግን ያለ ወንፊት መስኮት መክፈት አንዱን ችግር በሌላው መለወጥ ነው። የወንፊቱ ወጪ ከቤቱ ወጪ ሊነጠል አይገባውም።

5. ምድጃና መብራት

በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድደው እንጨት ወደ ድስቱ የሚገባው ጉልበት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ቀሪው ቤቱንና የእናቶችን ሳንባ ያሞቃል። ስለሆነም ማዕድ ቤቱን ከመኖሪያው ነጥሎ በነፋስ መውጫ በኩል መሥራትና እንደ ምርጥ ምድጃ ያለ የተሻሻለ ምድጃ መጠቀም ከማገዶም ከጤናም አንጻር ያዋጣል። ለመብራትም 60 ዋት የሚፈጀውን አሮጌ አምፖል ወደ 9 ዋት በሚጠጋ ኤል.ኢ.ዲ. መተካት ተመሳሳይ ብርሃን ይሰጣል።

ለተግባር

ተማሪዎች የሚከተለውን በትምህርት ቤታችሁ ሞክሩት። ሁለት እኩል ካርቶኖችን አንድ ዓይነት የቆርቆሮ ቁራጭ ክደኗቸው። በአንዱ ውስጥ ከቆርቆሮው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የካርቶን ኮርኒስ አብጁና ደረቅ ሣር አንጥፉበት። ሁለቱንም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆዩ፤ በየግማሽ ሰዓቱ የውስጡን መጠነ ሙቀት በቴርሞሜትር ለክታችሁ በግራፍ አስቀምጡ። ቀጥሎም በሌላ ሁለት ካርቶን ላይ ከባድና ቀላል ክዳን አድርጋችሁ ጠረጴዛውን ናጡና የትኛው ቀድሞ እንደሚዘምም ተመልከቱ።

መልመጃ

1. የመስኮቱ ግርጌ ከክፈፉ 1.5 ሜትር ቢርቅ በደቡብ በኩል የሚያስፈልገው ክፈፍ ስንት ነው? (መልስ፦ 1 ሜትር ገደማ)

2. ቆርቆሮው 50 ዲግሪ ብቻ ቢሆን በካሬ ሜትር ወደ 30 ዲግሪ የሚጨረረው ልዩነት ምን ያህል ይሆናል? ፍጹም ጥቁር አካል ነው ብላችሁ አስሉ። (መልስ፦ 139 ዋት ገደማ)

ማጠቃለያ

ሙቀትን ለመከላከል ክብደት ብቻ መፍትሔ እንዳልሆነ፣ ቀላልነትም ብቻውን ምቾት እንደማይሰጥ ተመልክተናል። ለይፋት ቆላ የሚስማማው ቀላል ጣሪያ ከበቂ መከለያ ጋር፣ መካከለኛ ግድግዳ ከጠንካራ ማሰሪያ ጋር ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቆርቆሮ ከተገዛ በኋላ ጭድ፣ ኖራ፣ እንጨትና ጥንቃቄ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ወላጆቻችሁ ወይም ጎረቤቶቻችሁ መሠረት ሊያወጡ ሲነሡ ይህችን ስሌት ይዛችሁ ከግንበኛው ጋር ብትወያዩ የተማራችሁት ፊዚክስ ከጥቁር ሰሌዳው ወርዶ ቤት ገባ ማለት ነው።