ሐኪም እስኪደርስ ድረስ ደም ለሚፈሰው ሰው ስለሚደረግ ርዳታ

የሰው ደም ያለ ዕረፍት በደም ሥሮች ይዘዋወራል። ይህንንም ዊልያም ሃርቬይ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። ደሙን ልብ በኃይል ስለሚገፋው፥ ትልቅ የደም ሥር የተቈረጠበት ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሐኪም እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም።

በ1859 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በሶልፌሪኖ ብርቱ ጦርነት ሆነ። ሄንሪ ዱናን የሚባል የስዊስ ነጋዴ ቍስለኞች ያለ ረዳት ወድቀው ባየ ጊዜ፥ የአገሩን ሰዎች ሰብስቦ ወዳጅና ጠላት ሳይለይ እንዲረዷቸው አደረገ። ከዚህም የተነሣ በ1863 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ማኅበር በጄኔቭ ተመሠረተ፤ በኢትዮጵያም በአገራችን አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ።

የርዳታው ሥራ እንደዚህ ነው። ቍስለኛውን አስተኝቶ፥ ንጹሕ ጨርቅ በቍስሉ ላይ አድርጎ፥ በመዳፍ አጥብቆ መጫን ይገባል። ደም በተፈጥሮው ይረጋል፤ ነገር ግን በኃይል ሲፈስ የረጋውን ጠርጎ ይወስደዋል። እጅ ሲጫነው ግን ፍሰቱ ይደክምና ለመርጋት ጊዜ ያገኛል። ደሙ ቆሞ እንደ ሆነ ለማየት ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መግለጥ አይገባም፤ የረጋውን ያላቅቀዋልና። ፍሰቱ ሲቆም ቍስሉን በጨርቅ አስሮ ቍስለኛውን ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

በቍስል ላይ የቡና ዱቄት፥ አመድ፥ ጭቃ ወይም ፋንድያ ማድረግ ክፉ ልማድ ነው። በአፈርና በከብት ፋንድያ ውስጥ በዓይን የማይታይ የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ ዘር ይገኛል፤ ከደም መፍሰስ የዳነውንም ሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ሊገድለው ይችላል። እንግዲህ ንጹሕ ጨርቅና ብርቱ እጅ ከብዙ መድኃኒት ይበልጣሉ።