የጦጣዎች ድርሻ በልምሻ ክትባት ታሪክ

የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች
1. ልምሻ ምን ዓይነት በሽታ ነው?
2. አንድ መድኃኒት ለሰው ከመሰጠቱ በፊት በምን መንገድ መመርመር ያለበት ይመስላችኋል?

ምንባብ
(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልምሻ ወይም ፖሊዮ አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናትን የሚያጠቃ ተላላፊ በሽታ ነው። የበሽታው ቫይረስ ሕብለ ሰረሰርን ሲጎዳ እግር ወይም እጅ ይሰልላል፤ ጉዳቱ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን ከነካም ሕይወትን ያጠፋል። በልምሻ የሰለለን እግር እንደ ቀድሞው የሚያደርግ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ግን ተችሏል። ለዚህም ውጤት ከተመራማሪዎች ድካም ሌላ የብዙ ጦጣዎች ሕይወት ተከፍሎበታል።

በ1908 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ካርል ላንድስታይነርና ኤርቪን ፖፐር የተባሉ ሐኪሞች፣ በዘጠኝ ዓመት ዕድሜው በልምሻ ከሞተ ልጅ ሕብለ ሰረሰር ጥቂት ወስደው በልዩ ልዩ እንስሳት አካል ውስጥ አስገቡ። ጥንቸሎቹና አይጦቹ ምንም አልሆኑም። ሁለት እንስሳት ግን ታመሙ። አንደኛው ሬሰስ የተባለው የእስያ ጦጣ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ሃማድሪያስ የተባለው ጎፈራም ዝንጀሮ ሲሆን፣ ይህ ዝንጀሮ በአዋሽ ሸለቆና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች በመንጋ ሲጓዝ የሚታየው ዓይነት ነው። ዝንጀሮው ሞተ፤ የጦጣውም እግሮች ሰለሉ። የሁለቱም ሕብለ ሰረሰር ሲመረመር በልጁ ላይ የታየው ዓይነት ጉዳት ተገኘበት። በዚህ ሙከራ ልምሻ ተላላፊ መሆኑ ተረጋገጠ፤ መንሥኤውም ባክቴሪያ ሳይሆን ከዚያ የረቀቀ ነገር ነው የሚለው ግምት ተነሣ። ምርመራውን የቻሉት፣ ጦጣና ዝንጀሮ በአካላቸው አሠራር ከጥንቸልና ከአይጥ ይበልጥ ለሰው ስለሚቀርቡ ነው።

ይሁን እንጂ መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። ከ1909 ጀምሮ በኒውዮርክ ሲሞን ፍሌክስነርና ባልደረቦቹ ቫይረሱን ከጦጣ ወደ ጦጣ እያስተላለፉ አጠኑ። የሬሰስ ጦጣ ቫይረሱ በአፉ ሲሰጠው በቀላሉ አይታመምም፤ በአፍንጫው ሲገባ ግን ይታመማል። ከዚህም በመነሣት ቫይረሱ በሰውም ላይ የሚገባው በአፍንጫ፣ የሚራባውም በነርቭ ውስጥ ብቻ ነው ተብሎ ተደመደመ። በ1937 በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በአፍንጫቸው ውስጥ መከላከያ ይሆናል የተባለ ፈሳሽ ተረጨባቸው። ፈሳሹ በሽታውን አላገደም፤ እንዲያውም ከልጆቹ አንዳንዶቹ የማሽተት ችሎታቸውን አጡ። ኋላ በሰዎችና በሌሎች የጦጣ ዓይነቶች ላይ በተደረገ ጥናት ቫይረሱ በአፍ ገብቶ በአንጀት ውስጥ እንደሚራባ፣ ከዚያም በደም አማካይነት ወደ ነርቭ ሊደርስ እንደሚችል ታወቀ። በአንድ ዓይነት ጦጣ ላይ የታየው ነገር ሳይመረመር ለሰው በመወሰዱ ብዙ ዓመታት ባክነዋል።

በ1949 ጆን ኤንደርስ፣ ቶማስ ዌለርና ፍሬድሪክ ሮቢንስ ቫይረሱን ከነርቭ ባልሆኑ የሰው ሕዋሳት ላይ፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ማራባት እንደሚቻል አሳዩ። ጆናስ ሶልክም ቫይረሱን በጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ላይ አራብቶ፣ በፎርማሊን ገድሎ ክትባት ሠራ። በ1954 1.8 ሚሊዮን ያህል ልጆች በተካፈሉበት ሙከራ ተፈተነ፤ ውጤታማነቱም በሚያዝያ ወር 1955 ተነገረ። ቀጥሎም አልበርት ሳቢን በአፍ የሚሰጠውን የጠብታ ክትባት አዘጋጀ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ክትባቱን ለመሥራትና ለመፈተን እጅግ ብዙ የሬሰስ ጦጣዎች በህንድ እየተያዙ ወደ ውጭ ተላኩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመንገድ ሞቱ። በ1978 ህንድ ጦጣዎቿ እንዳይላኩ ከለከለች። በዚህ መካከል ሌላ መንገድ ተከፍቶ ነበር። በ1962 በጃፓን በቺባ ዩኒቨርሲቲ ከአንዲት የአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት የተወሰዱ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሳያቋርጡ መራባት ቻሉ። ጦጣዋ በኢትዮጵያ ከምናያቸው ጦጣዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አላት። ዛሬ ቬሮ የተባሉት እነዚህ ሕዋሳት የልምሻና የሌሎች በሽታዎች ክትባት ስለሚሠራባቸው፣ በየጊዜው አዲስ ጦጣ መግደል አያስፈልግም።

በ1959 ዊልያም ረስልና ሬክስ በርች የተባሉ እንግሊዛውያን በእንስሳት ላይ ለሚደረግ ምርምር ሦስት መመሪያዎች አቀረቡ፦ በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቅለል። ክርክሩ ግን አላበቃም። አንዳንዶች ስለ ራሱ መናገር የማይችል ፍጡር ስለ ሰው መሠቃየት የለበትም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያልተፈተነ መድኃኒት ለሕፃን መስጠት ከዚያ የባሰ በደል ነው ይላሉ። በነሐሴ ወር 2020 አፍሪካ ከተፈጥሮ የልምሻ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። ይህን ደስታ የሚቀበል ሰው የተከፈለውን ዋጋ መዘንጋት፣ ዋጋው የሚቀንስበትንም መንገድ መፈለግ መተው አይገባውም።

አዲስ ቃላት
ሕብለ ሰረሰር፦ በጀርባ አጥንት ውስጥ የሚያልፍ የነርቭ ገመድ
ሰለለ፦ ኃይል አጣ፣ ቀጠነ
ጎፈራም፦ በአንገቱና በትከሻው ላይ ረጅም ጠጉር ያለው
ባከነ፦ ያለ ጥቅም አለፈ

መልመጃ
ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. የቪየና ሐኪሞች በጥንቸልና በአይጥ ያላገኙትን ውጤት በጦጣና በዝንጀሮ ለምን አገኙ?
2. በቶሮንቶ ልጆች ላይ የደረሰው ጉዳት ከምን የተሳሳተ መደምደሚያ የመጣ ነው?
3. የቬሮ ሕዋሳት ከሦስቱ መመሪያዎች የትኛውን ይፈጽማሉ? ምክንያታችሁን ግለጹ።
ለ. «መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከምንባቡ ማስረጃ በመጥቀስ በአንድ አንቀጽ አብራሩ።
ሐ. በሁለት ቡድን ተከፍላችሁ «ጦጣዎችን ለመድኃኒት ምርምር መጠቀም ይገባል ወይስ አይገባም?» በሚል ርእስ ተከራከሩ።